ከየደጁ የመጣ ሣር

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የተጣላሁት ከባንክ ዘበኛ ጋር ነው። ሶዶ መሃል ካሉት ባንኮች የአንዱ ደጃፍ ትንሽ ሣር አለው። ወረፋ እስኪደርሰኝ ዳር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አረም መንቀል ጀመርኩ። ዘበኛው መጣና «እናቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ምንም አልጠፋብኝም፤ ሣራችሁ ተበላሽቷል» አልኩት። «ሣር ደግሞ ምኑ ይበላሻል?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሣር እንዴት እንደሚበላሽ አስረዳሁት። ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት «እማ፣ መንገደኛ ከምታስቸግሪ ለምን ቁጭ ብለሽ አትጽፊውም?» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ሥራዬ የእግር ኳስ ሜዳ ሣር መጠበቅ ነበር። በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቀደውን ማለቴ አይደለም። ሣሩን የምተክል፣ የማጭድ፣ የማጠጣ፣ የተቦረቦረውን የምደለድል፣ በኖራ መስመር የማሰምር እኔ አስቴር ነበርኩ። ሰዎች ተጫዋቾቹን በስም፣ አሰልጣኙን በስድብ ያውቋቸዋል። እኔን ግን የሚያስታውሱኝ ኳሷ ነጥራ ስትስት ብቻ ነው፤ ያኔ «ሜዳው!» ብለው ይጮኻሉ።

ስቀጠር የተባልኩት መቀመጫ ጥረጊ ነበር። ያን ጊዜ ክለባችን በገዛ ሜዳው ይጫወት ነበር። ጨዋታ ባለ ቀን ከአረካም ከቤሌም ሰው በአይሱዙ ተጭኖ እየዘፈነ ይገባል፤ የሶዶ ሱቅ ግማሹ ይዘጋል፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ሳይቀር ቀኑን ይለውጣል። በማግሥቱ ከመቀመጫው ሥር የማወጣው የሸንኮራ ምጣጭና የለውዝ ቅርፊት ጋሪ ይሞላል። የማን ደጋፊ የት እንደተቀመጠ ከቆሻሻው እለይ ነበር። የተሸነፈ ሰው ለውዙን ሳይጨርስ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ሌሊቱን ዝናብ አድሮ፣ ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስሄድ በሜዳው መሃል አላቋረጥኩም፤ ዳር ዳሩን ዞርኩ። አንድ ረጅም ሰውዬ ከጎሉ አጠገብ ቆመው ያዩኝ ኖሯል። የሜዳው ጠባቂ ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ጠሩኝ።

«ሰው ሁሉ በመሃል ነው የሚሄድ። አንቺ ለምን ዞርሽ?»

«ሣሩ ርሷል፤ ይቆስላል ብዬ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። በዝናብ በደጃችን ሣር ላይ ካለፍን ትገርፈን ነበር።»

መጥረጊያዬን አዩት። ከዚያ «ነገ መጥረጊያዋን ተይና ማጭድ ይዘሽ ነዪ» አሉኝ።

የደጅ ሣር ማለት ምን እንደሆነ ወላይታን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በገጠሩ ቤት ፊት ለፊት፣ ከእንሰቱ ወዲህ፣ ንጹሕ ሣር የለበሰ ደጅ አለ። አይታረስም፣ ቆሻሻ አይደፋበትም። እንግዳ የሚያርፈው፣ ሽማግሌ የሚዳኘው፣ ሠርገኛ የሚጨፍረው እዚያ ላይ ነው። ቤቱ ሰው የሞተበት እንደሆነም ለቀስተኛው የሚቀመጠው እዚያው ነው። የሰው ደጅ ሣሩ ከተጎሳቆለ ባለቤቱን ሰው ያማዋል። እኔና ጋሽ አንጁሎ ሜዳ መጠበቅን በኮርስ አልተማርነውም፤ ያወቅነው ሁለታችንም ደጅ ያላቸው ሰዎች ልጆች ስለሆንን ነው።

ጋሽ አንጁሎ ጠዋት ሲገቡ ማንንም ሰላም አይሉም። መጀመሪያ ሜዳው ጥግ ላይ ይቆማሉ። በእጃቸው አንድ ቀጭን ፌሮ አለች፤ ጫፏን አሹለዋታል። እሷን እያጠለቁ እያወጡ ይዞራሉ። ፌሮዋ ቀላል ብላ ከገባች ውሃው ከታች አለ ማለት ነው፤ ከላይ ደርቆ ቢታይም ማጠጣት የለም። ካንገራገረች ደግሞ መሬቱ ተረግጦ ደንድኗል፤ መንሹን አምጪ ይሉኛል፤ ሣሩን ሳንገለብጥ እየወጋን እናስተነፍሰዋለን፤ በቀዳዳው ደቃቅ አሸዋ እንነሰንሳለን። «መጀመሪያ ትተንፍስ፤ ከዚያ ትጠጣለች» ይላሉ። ሜዳውን ሁልጊዜ «እሷ» ነው የሚሏት። ይህን ሁሉ ጨርሰው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ብቻ ወደ እኔ ዞረው በወላይታ ሰላምታ «ሳሮ፣ አስቴር፤ ደኅና አደርሽ?» ይሉኛል።

ጨዋታ ሲኖር ኳስ አያዩም፤ እግር ነው የሚያዩት። የት ቦታ ማን እንዳዳለጠው በጭንቅላታቸው ይይዙና ሰው ሁሉ ሲወጣ እኛ እንገባለን። የተገመሰውን ሣር ሳይደርቅ ወደ ቦታው መልሰን፣ ሥሩን አፈር አጉርሰን፣ በመዳፍ ጫን እናደርገዋለን። በእግር መርገጥ ክልክል ነው። «ቁስል በእግር ይታሻል እንዴ?» ብለው ተቆጥተውኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሣር አይቀላቀልም። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ያዘግማል፤ አንዱ ቅጠሉ ይሰፋል፣ አንዱ ይቀጥናል፤ ኳስ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ትደናገራለች። የኛ ሜዳ ሰርዶ ነበር፤ ሌላ ነገር ብቅ ካለ እሳቸው ከሥሩ ይነቅሉታል።

አለቆች ብዙ አየሁ። አንዱ ለማጨጃ ማሽኑ ነዳጅ ከምንገዛ በግ እናሰማራ አለና በጎቹን አስገባ። በግ ሣሩን ይግጣል፣ ነገር ግን የሚያወጣውንም ያወጣል፤ አንድ ተከላካይ በዚያ ላይ ተንሸራትቶ ከወደቀ በኋላ ማልያው ሽታው አልለቅ ሲል ነገሩ ቀረ። አንድ አሰልጣኝ ደግሞ ጠንካራ ቡድን ሊመጣ ሲል «ሣሩን አሳድጉልኝ፣ ውሃም ጨምሩበት፤ ኳሷ ትያዝባቸው» ብሎ ጋሽ አንጁሎን ለመናቸው። «ሣር ተንኮል አታውቅም፤ አንተ ከፈለግህ ልጆቹን አስተምር» አሉት። ደመወዙን ግን አታንሡብኝ፤ ይኖርበት ነበር፣ ኖርንበት።

በኋላ የጋሽ አንጁሎን ዓይን ሞራ እየጋረደው መጣ። ፌሮዋን ለእኔ ሰጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ዱቦ ገቡ። «ሴት ሜዳ ትጠብቃለች?» ያለ ሰው አልጠፋም። የሚቀጥለውን ጨዋታ መስመር ይበልጥ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩለት።

እንዲህ ስንል ጊዜው ተለወጠ። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን ይተላለፉ፣ ደረጃቸውን በጠበቁ ጥቂት ሜዳዎች ላይ ብቻ ይደረጉ ተባለ። ክለባችንም ዕቃውን ጭኖ ሄደ። «ባለሜዳ» እየተባለ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ የሌላ ሰው ሣር ላይ ይጫወት ጀመር። እኛም ሶዶ ቁጭ ብለን በስክሪን እናያለን። ሰው ሻይ ቤት ተሰብስቦ ጎል ሲገባ ይጮኻል፤ እኔ ባዶው ሜዳ ላይ ሆኜ ጩኸቱን ከመንደር እሰማለሁ። ከድሮው ያነሰ ሥራ አልነበረኝም። አጠጣለሁ፣ አጭዳለሁ፣ በስሚንቶ የተሞላውን በርሜል እየገፋሁ እደለድላለሁ። የሚገምሰው ሰው ግን የለም። ሠርግ ሳይኖር ዳስ እንደሚጥል ሰው ሆንኩ። ለማን እንደምሠራ የጠፋኝ ቀን ነበር፤ ማጭዴን አስቀምጬ ጎሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበትም ቀን ነበር።

ባዶ ቦታ ደግሞ ባለጉዳይ አያጣም። በዚያ መሃል ሜዳው ላይ ባዛር ተደረገበት፤ ድንኳን ተተከለ፣ መኪና ገባ። ሲወጡ ሣሩ በየቦታው መላጣ ሆኖ ቀረ። ልክ ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብርሃኑ ሮጦ መጣ። አዲስና ቅን ሰው ነበር፤ ችኩል ነው እንጂ።

«እትዬ አስቴር፣ የምሥራች! ሜዳውን የሚገመግሙ ሰዎች ሊመጡ ነው። ካለፍን ጨዋታ ወደ ቤታችን ይመለሳል።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ክረምቱ ሳይገባ።»

«ሰርዶ ተክሎ ለማድረስ ክረምቱ ማለፍ አለበት።»

«አይ፣ እሱን አይጠብቁንም። እንደምንም ሸፍኚልኝ።»

በዚያው ሳምንት ጋሽ አንጁሎ ከዱቦ በሚኒባስ መጡ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። በብብታቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈቱትና ሰጡኝ፤ ከነአፈሩ የተቆረጠ፣ መሶብ ክዳን የሚያህል ሣር።

«ከደጄ ነው» አሉኝ። «ቡድናችን ይምጣ። ሜዳዋ መላጣ ሆነች ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ዓይን የለኝም፣ ሣር ግን አለኝ።»

ሣሩን ዳሰስኩት። ቅጠሉ ሰፊ ነው። ሰርዶ አይደለም።

«ጋሼ፣ ይሄኮ ከሜዳው ሣር ጋር አይመሳሰልም» አልኳቸው።

«ሰዉስ ይመሳሰላል?» አሉኝ። «ሶዶ ያለውና ቤሌ ያለው ሰው ይመሳሰላል? ኳስ ሲሆን አንድ ላይ አይጮኽም?»

ሁለት ዓይነት ሣር አይቀላቀልም ያሉኝ እኚሁ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ የሜዳው ትልቁ መላጣ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ የደጃቸውን ሣር ተከልኩት።

ወሬው በቤተ ክርስቲያንም በገበያም ተነገረ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰዋል? ከአረካ በአይሱዙ፣ ከቤሌ በአውቶቡስ ጣሪያ፣ ከሶዶ ዙሪያ በባጃጅና በሸክም ሣር ይጎርፍ ጀመር። ሰው የደጁን ሣር እየቆረጠ ያመጣል። የመዘምራን ቡድን አካፋ ይዞ መጥቶ እየዘመረ ተከለ። ከአረካ የመጣች ወይዘሮ አማረች የምትባል ሴት ያመጣችውን ለማንም አልሰጥም ብላ እኔን ጠየቀች።

«አንተ ነህ ሣር የሚጠብቅ?»

«እኔ ነኝ፣ እቴ።»

«ይሄ ልጄ ሲሞት ሰው የተቀመጠበት ነው። ልጄ ኳስ ይወድ ነበር። ጎሉ አጠገብ አድርግልኝ።»

የመሥሪያ ቤት ሰው መስያት በአማርኛ ነው ያናገረችኝ፤ አማርኛዋ እንዲህ ነው፣ እኔን አንተ ብላኛለች፤ ግን ያለችው ሁሉ ገብቶኛል። ጎሉ አጠገብ አደረግሁላት፤ ሁለታችንም ተንበርክከን በመዳፋችን ጫን ጫን አደረግነው። አቶ ብርሃኑን ለብቻው ጠርቼ «ይሄ ነገር ያምራል እንጂ ለኳስ አይሆንም» አልኩት። «እትዬ፣ ሕዝብ የሰጠውን እንዴት እምቢ ይባላል?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም አልቻልኩም፣ እሱም አልቻለም።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ያስጎመጃል። አጥር ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ያያል፤ ጋሽ አንጁሎም መጥተው ከጎኔ ቆመዋል። አንዱ ገምጋሚ፣ ቀጭን ትሑት ሰው፣ ኳስ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ገፋት። ኳሷ ጥቂት ሄደች፣ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስትደርስ ዘለለች፣ ወደ ጎን ታጠፈች፣ ሰፊው ቅጠል ላይ ስትደርስ ቆመች። በሌላ በኩል ሞከረ፤ ያው ነው። አንዱ ሣር ቶሎ አድጓል፣ አንዱ ቢጫ ሆኗል፣ የአንዱ አፈር ጠልቋል፣ የአንዱ አብጧል። ሰውዬው ወደ እኔ መጣ።

«እናቴ፣ ስትደክሚበት እንደኖርሽ ያስታውቃል። ግን ይሄ አንድ ሜዳ አይደለም፣ ብዙ ሜዳ ነው። እዚህ ላይ ልጅ እግሩ ይሰበራል።»

ጋሽ አንጁሎ ኳሷን አላዩም፤ ስትነጥር ግን ሰምተዋል። ድሮም ሜዳን በጆሮ ያውቁ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። ሰው ሁሉ በየፊናው ሲበተን እሳቸው አልሄዱም።

«አስቴር» አሉኝ፣ «ስሸመግል ልቤ ከእጄ ቀደመብኝ።»

«ጋሼ፣ የሁላችንም ልብ ነው የቀደመው» አልኳቸው። አልተጽናኑም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የከፋኝ የለም። የቆምንለት አንድ ነገር ነበር፣ ቡድናችን ደጁ ላይ ሲጫወት ማየት። ያን ያጣነው ሰው ስለጠላን ሳይሆን ሰው ሁሉ ስለወደደን መሆኑ አንገበገበኝ።

ቀጥሎ የሚሠራው ግልጽ ነው፤ ሁሉንም ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል። ግን እንዴት ይነቀላል? ያቺ ሴት የሰጠችኝን ሣር በየትኛው እጄ ልጥለው? ዱቦ ድረስ ሄጄ ጋሽ አንጁሎን ጠየቅኋቸው። የተቆረጠው ደጃቸው ፊት ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቦታው ገና አልዳነም።

«ሰው የሰጠው አይጣልም» አሉ። «መቀመጫው ሲሞላ ሰው የት ነው የሚቀመጥ?»

«ከጎሉ ኋላ የአፈር ዳገቱ ላይ።»

«አፈር ላይ ነው የሚቀመጥ?»

«አፈር ላይ ነው።»

«እንግዳ አፈር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አሉ።

ሣሩን አንድ በአንድ አንሥተን ከጎሉ ኋላ ዳገቱን አለበስነው። ወይዘሮ አማረች ስትጠራ መጣች። እንዳትቀየመኝ ፈርቼ ነበር። ቦታውን አየችና «ይሄ ይሻላል፤ እዚያ ጫማ ይረግጠው ነበር» ብላ ራሷ ተከለችው። ሌላው ሰው ሁሉ እንደሷ አልነበረም፤ ተኮራርፎ የሄደ አለ። ሣሩን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰም አለ፤ አልፈረድኩበትም።

ሜዳውን ግን ገለበጥነው። ከድሮው ሰርዶ ተርፎ የቀረው ጥግ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ከሱ ሐረጉን እየቆረጥን፣ የስኳር ድንች ሐረግ እንደምንተክለው በመስመር በመስመር ቀበርነው። የሰፈር ሴቶች መጡ፤ ይህን ሥራ ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም። ሐረጉ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ፣ አንድ አንጓ ውጭ ይሆናል። ክረምቱ አገዘን። መስከረም ሲጠባ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን፣ መስመሮቹ ተገናኝተው ሜዳው አንድ ሆነ። ቀጭኑ ገምጋሚ ሲመለስ ኳሷን ገፋ፤ ሄደች፣ ሄደች፣ ራሷ ደክሟት ቆመች። ሳቀና እጄን ጨበጠኝ።

ሣሩ አለፈ። መብራቱ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ የካሜራ ቦታው ግን ገና ነው ተባለ። ጨዋታው አልመጣም። እኔ ጡረታዬ ደረሰ። ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ ጸሎት ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ሜዳውን ጴጥሮስ ለሚባል ጎልማሳ አስረከብኩ። እንደ አዲስ በተከልነው ሣር ላይ ቡድናችን አንዴም ሳይሮጥ ወጣሁ፤ ይህ ነበር የሚያንገበግበኝ። ባንክ ቤት ዘበኛ ላይ የወረድኩበት ንዴትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ያለፈው ወር ጴጥሮስ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ቶሎ ነይ። ቡድኑ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሶዶ ያርፋል። ዛሬ ከሰዓት እኛ ሜዳ ላይ ልምምድ ሊሠሩ ነው።»

ለማንም አትናገሪ ብሎኝ ነበር። እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት፤ ለጋሽ አንጁሎ። ሌላው እንዴት እንደሰማ አላውቅም፤ ስደርስ ዳገቱ ሞልቷል። ሱቅ ዘግተው የመጡ አሉ፣ ከነጋውናቸው የመጡ አስተማሪዎች አሉ፣ ባጃጆች አጥሩን ከበውታል። ወይዘሮ አማረች የራሷ ሣር ላይ ተቀምጣ ለጋሽ አንጁሎ አጠገቧ ቦታ ይዛላቸዋለች።

ተጫዋቾቹ ሲወጡ የተነሣው ጩኸት ሻይ ቤት የምንሰማው ዓይነት አልነበረም። አሰልጣኙ ደንግጦ ቆመ። አብዛኞቹ ልጆች በዚህ ሜዳ ተጫውተው አያውቁም፤ አንዱ ሕዝቡን አይቶ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ይሄ ሁሉ ለልምምድ ነው?» ሲል ሰማሁት። አሰልጣኙ ሰውን ዝም ብሎ መመለስ ከበደው መሰለኝ፣ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርስ አጋጠማቸው። እንግዲህ የምንሰድበው ተጋጣሚ የለም! ቢጫ ለባሹ ሲያገባ ዳገቱ ይዘላል፤ ሰማያዊው ሲያገባ ያው ዳገት ይዘላል። ዳኛም ስላልነበረ የምንወቅሰው ሰው አጣን። እንደዚያ ዓይነት ደስታ አይቼ አላውቅም።

ሲያበቃ ልጆቹ ወደ ዳገቱ መጥተው እጃቸውን አንሥተው አመሰገኑ፤ ከዚያ አውቶቡሳቸው ይዟቸው ሄደ።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ።

«እኛ።»

«የተሸነፈውስ?»

«እሱም እኛ ነን።»

ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ። «ሜዳ አስገቢኝ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ወረድኩ፤ ጎሉ ፊት ስንደርስ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። በጣታቸው ሣሩን እየዳበሱ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ግብ ጠባቂው ሲወረወር ገምሶታል፤ አፈሩ ወጥቷል። ትንሽ ዝቅ ብሎም የጫማ ጥርስ ሣሩን ቦጭቆታል።

«ቆስላለች» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። ብዙ ቦታ ቆስላለች።»

እጃቸውን ቁስሉ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተመስገን» አሉ።

እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁና የተገመሰውን ሣር ወደ ቦታው እየመለስኩ፣ በመዳፌ ጫን እያደረግሁ፣ ተመስገን አልኩ።